የክፍላችን ዕድሜ

ሴት ዕድሜዋን ትደብቃለች የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። በእኛ ክፍል ዕድሜያቸውን የደበቁት ወንዶቹ ነበሩ፤ ያውም አንድም ሳይቀሩ። እኛ ሴቶቹ እውነቱን ጻፍን፤ የተዋረድነውም እኛው ነን። ነገሩ የሆነው አርባ ምንጭ ውስጥ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ሒሳብ ሰው ያዋርዳል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ግራፍ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትውልዴ ከጨንቻ በላይ ደጋው ላይ ነው። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለምዕራብ ዓባያ ሰው ተዳርኩ። ሰውየው ሙዝ ነበረው፣ ጥጥ ነበረው፣ እናት ነበረችው። ሦስት ዓመት አብሬው ኖርኩ፤ ልጅ ግን አልመጣም። አራተኛው ዓመት ሲጀምር እናቱ ልብሴን በነጠላ ቋጥራ በገበያ ቀን መኪና ላይ አሳፈረችኝ። ባልየው ከቤት እንኳ ብቅ አላለም። ደጋ ስመለስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሆዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን እያየ ሰላም ይለኝ ጀመር።

እናቴ ከዓይን ልታርቀኝ ፈልጋ ይመስለኛል፣ በሦስት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ሊማር ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ "አብስይለት" ብላ አብራ ላከችኝ። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ማብሰል ቀኑን ሙሉ አይፈጅም ብዬ እኔም አብሬው ተመዘገብኩ። በዚህ ዓይነት የወንድሜ አብሳይም የክፍል ጓደኛውም ሆንኩ። በሒሳብ እበልጠው ነበር፤ ይህንንም ቤት ስንገባ እንዳይረሳው አደርግ ነበር። ማግባቴን ግን ለማንም አልተናገርንም። ክፍሉ ትልቅ መሆኔን ያያል፤ ምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደሆነ አያውቅም። ይህን ምስጢር እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

የወንዶቹ ምስጢር ሌላ ዓይነት ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ምስጢር። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ቀበሌ እየመለመለ ይልክ ነበር። ወደ ሰሜን የሄዱት ብዙዎቹ እንደሄዱ ቀሩ። ስለዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ዓመት የሚያልፍ ወንድ ተማሪ ጠፋ። ወንድሜ አሥራ ሰባት ከሞላው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ግን አሁንም አሥራ ሰባት ነበር። ከኋላ የሚቀመጠው፣ ጫኖ ከሚባለው የጎረቤት መንደር የመጣው ልጅ ጠዋት ጢሙን በምላጭ ጠርጎ ይመጣና ከሰዓት በኋላ አገጩ ይጠቁራል፤ እሱም አሥራ ሰባት ነበር። አባቴ የጸሎት ቤት አገልጋይ ነበር፤ ጸሎት ቤቱ ታሽጎ በየጓዳው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በምንዘምርበት በዚያ ዘመን እንኳ "ውሸት ኃጢአት ነው" ማለቱን አልተወም። ለመስቀል ደጋ ወጥተን ስንመለስ ግን ወንድሜን ወደ ጎን ወስዶ "ስንት ዓመትህ ነው ካሉህ አሥራ ሰባት በል" አለው። ከዚያ እኔን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

የሒሳብ አስተማሪያችን ከመሀል አገር የመጣ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ዕድሜው ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከአርባ ምንጭ ሙቀት ጋር የሚታገል፣ ጠመኔ ሲይዝ ዓለምን የሚረሳ፣ ተማሪ ሲገባው ድግስ እንደተጠራ ሰው ፊቱ የሚበራ። ክፋት አልነበረበትም። አገሩን ግን አያውቅም ነበር።

ያን ቀን ስታትስቲክስ የሚባለውን ምዕራፍ ጀመረ። "መጽሐፉ ላይ ያለው የማናውቃቸው ሰዎች ቁጥር ነው፤ ያሰለቻል። ዛሬ የምናጠናው እናንተን ነው" አለ። ብጣሽ ወረቀት አስቀደደንና ዕድሜያችንን፣ ከጎኑም ወንድ ወይም ሴት ብለን እንድንጽፍ አዘዘን። "ስም አትጻፉ። ቁጥር ስም የለውም" አለ። ቁመታችንን ቢጠይቀን፣ ወይም ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ቢጠይቀን ኖሮ ትምህርቱን ተምረን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። እሱ ዕድሜ ጠየቀን። በዚያ ዘመን የአንድ ክፍል ወንዶችን ዕድሜ አንድ ላይ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀ ሰው በከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እንደ ወንዶቹ ቀንሼ አሥራ ስምንት ብል ማንም አይጠይቀኝም። ግን ቁጥር ስም የለውም ያለው ነገር ልቤን ነካው። እውነቱን የትም ቦታ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ለማንም ሳይሆን ወረቀት ላይ ላስቀምጠው አልኩ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ክንዷን ጋርዳ ስትጽፍ አየኋት። እሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ ተጠልፋ፣ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ኖራ፣ አምልጣ የመጣች ልጅ ናት። ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ኩልፎ ወንዝ ልብስ ስናጥብ ነው፤ እያለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ የራሴን ግን አልነገርኳትም።

አስተማሪው ወረቀቶቹን በጠመኔ ካርቶን ሰብስቦ ሊያነብ ሲል በሩ ተንኳኳና የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ተጠሪ ገባ። ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲናገር አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚመስለው ሰው ነበር። የመጣው ቅዳሜ ኩልፎ ዳር የመስኖ ቦይ ጠረጋ መኖሩን ሊነግረን ነው። ለምልመላ የወጣቶቹን ስም ለቀበሌው የሚያቀርበውም እሱ ነበር፤ ወንዶቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። አስተማሪው "ጓድ፣ ጥቂት ቢታገሡን፤ ልጆቹ ከራሳቸው እየተማሩ ነው" አለው። ተጠሪው ደስ አለውና ሄዶ ከኋላ አግዳሚ ላይ ከጫኖው ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። የጫኖው ልጅ አገጩን በእጁ ደገፍ አድርጎ ሸፈነ።

አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ፤ ከላይ የወንዶች፣ ከታች የሴቶች። በሁለቱም ሥር ከአሥራ አምስት ጀምሮ ቁጥሮቹን ደረደረ። ከዚያ ወረቀቶቹን እያነበበ ለእያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ላይ አንዲት የኤክስ ምልክት ያኖር ጀመር፤ ዕድሜያቸው አንድ የሆኑት አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ። የሴቶቹ ምልክቶች መሬት ላይ እንደፈሰሰ በቆሎ እዚህም እዚያም አረፉ፤ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ዘጠኝ። የወንዶቹ አሥራ ስድስት ላይ ትንሽ ተከመረና አሥራ ሰባት ላይ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ እስከ ሰሌዳው ጫፍ ደረሰ። ከአሥራ ሰባት ወዲያ ግን ጠመኔ የነካው ቦታ አልነበረም። እኔ ይህን ወዲያው አላስተዋልኩትም፤ የራሴን ወረቀት ነበር በጭንቀት የምጠብቀው።

"ሃያ ሁለት፣ ሴት" ሲል ክፍሉ ተንጫጫ። አስተማሪው ምልክቴን ከአሥራ ዘጠኝ ወዲያ ያለውን ባዶ ቦታ ዘሎ ለብቻዋ አኖራት።

"አያታችን ማን ናት?" አለ የጫኖው ልጅ። ተጠሪው አጠገቡ ተቀምጦ እንኳ ምላሱ አላረፈችም።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ይለዩኛል ብዬ።

"አትሳቁ፣ ይህች በጣም ጠቃሚ ናት" አለ አስተማሪው። ከዚያ እያጣጣመ አስረዳን። የሴቶቹን ዕድሜ ደምረን ለቁጥራቸው ስናካፍል የሚገኘው ሚን ይባላል፤ ያን ይህች ለብቻዋ የቆመች ሴት ወደ ላይ ትጎትተዋለች። ሁሉንም በዕድሜያቸው ብናሰልፍ መሀል ላይ የምትቆመው ሴት ዕድሜ ደግሞ ሚዲያን ይባላል፤ እሱን ግን ንቅንቅ አታደርገውም። ይህን ሊያሳየን ምልክቴን በአውራ ጣቱ ጠረጋት። "በቃ፣ የለችም። ሚዲያኑ አሁን ስንት ነው?"

"ያው አሥራ ሰባት!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

መልሶ ጻፋት፤ ደግሞ ጠየቀ፤ ያው አሥራ ሰባት። ብኖርም ባልኖርም ምንም የማልለውጥ፣ ስኖር ግን የሌሎቹን አማካይ የማበላሽ ሰው መሆኔን በዚህ ዓይነት ተማርኩ። ሳቁን ችዬው ነበር፤ ይህኛው ግን ሆዴ ገባ። ምዕራብ ዓባያ ያለችው አማቴ ይህን ትምህርት ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

"አሁን ሁለቱን እናወዳድር" አለ አስተማሪው። የወንዶቹም የሴቶቹም መሀል አሥራ ሰባት ነው። መሀሉን ብቻ ያየ ሰው ወንዱና ሴቱ አንድ ናቸው ብሎ ይሄዳል፤ ሞኝ ነው። ምን ያህል እንደተበተኑ እዩ፤ ቅርጻቸውንም እዩ። እየተናገረ እየሞቀው ሄደ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። "የሴቶቹ ቀስ እያለ እየሳሳ ይሄዳል። የወንዶቹ ግን በቀኝ በኩል በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። እዚህ ጋ ግድግዳ አለ። ተፈጥሮ እንዲህ አድርጋ አትቆርጥም። ለምን ሆነ?"

ወንዶቹ ጠረጴዛቸውን ያያሉ። አስተማሪው ያልገባን መስሎት ጥያቄውን አቀለለው። "ሁላችሁም አብራችሁ የጀመራችሁ ናችሁ አይደል? ታዲያ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሴቶች ሲኖሩ፣ አንድ እንኳ ወንድ እንዴት አይኖርም?"

"አዎ" አለ ከኋላ ወፍራሙ ድምፅ። "እንዴት አይኖርም?"

አስተማሪው ዞረ። ተጠሪውን አየ፣ የጫኖውን ልጅ አገጭ አየ፣ መልሶ ሰሌዳውን አየ። የገባው ያኔ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነበር፤ ከፊቴ የተቀመጠውን የወንድሜን ማጅራት። ወንድሜ ሲፈራ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አሁን አንገት የሌለው መስሎ ነበር።

ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ።

"ቲቸር፣ የወንዶቹ ልክ ነው" አልኩ። "የተበላሸው የሴቶቹ ነው።"

"እንዴት?" አለ ተጠሪው።

"ወንድ ልጅ በጊዜው ይገባል፣ ሳያቋርጥ ይማራል፣ ስለዚህ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ይሆነዋል። ሴት ግን ታቋርጣለች። ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ትዳራለች። ትጠለፋለች። ከዚያ ትመለሳለች። እነዚያ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ላይ ያሉት እንደዚያ የሆኑ ናቸው።" እጄን ወደ ሰሌዳው ዘርግቼ ነበር። "ያቺ ሃያ ሁለት ደግሞ እኔ ነኝ። አግብቼ ነበር።"

ስለ ሴቶቹ ያልኩት እውነት ነው። ስለ ወንዶቹ ያልኩት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ የደጋ ልጅ ከብት ጠብቆ፣ አባቱን በእርሻ ረድቶ፣ እንደ ምንም አሥር ዓመት አልፎት አንደኛ ክፍል እንደሚገባ ተጠሪውም ያውቃል፤ እሱም የደጋ ልጅ ነው። ግን ሴት ልጅ በሰው ፊት ተነሥታ አግብቼ ነበር ስትል ሌላውን ነገር ሁሉ ያስረሳል።

"ልጅ አለሽ?" አለኝ።

"የለኝም።"

"ታዲያ ባልሽ ጋ ለምን አልኖርሽም?"

"ስላልወለድኩ።"

አንድ ሰው ኪክ ብሎ ሳቀ። ወንድሜ አልዞረም። ተጠሪው ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ፊት መጣና ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ንግግር ጀመረ። ይህ ሰሌዳ የአድኃሪው ባህል በሴቶቻችን ላይ ያደረሰውን በደል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል አለ። የሴቶች ማኅበርም ሊያየው ይገባል አለ። የወንዶቹን መስመር ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። በመጨረሻ "ደፍራ ለተናገረችው ጓድ አጨብጭቡላት!" አለ።

አጨበጨቡ። ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት ወንዶቹ ነበሩ፤ የጫኖው ልጅ አገጩን ለቆ በሁለት እጁ ያጨበጭብ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጭብጨባ ገጥሞኝ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው።

የባሰው አጠገቤ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ላይ ያለው ምልክት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዷ አብራኝ የምትቀመጠው ወዳጄ ናት፤ የክፍሉ ሴቶች ደግሞ ብዙ አይደለንም። ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሲገምት አየሁ። ወዳጄ መጽሐፏን ፊቷ ላይ አስደግፋ አቀረቀረች፤ እንዲህ ስታደርግ ደግሞ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ። ስም አልጠራሁም። ግን ኩልፎ ዳር እያለቀሰች የነገረችኝን ቃል፣ ጆሮዋ አጠገብ ቆሜ፣ ለቀበሌ ሰው ማስረጃ አድርጌ ሰጠሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በማግስቱ ስገባ ደብተሯን ይዛ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀርቤ ላናግራት ስል "ሌላ የምትነግሪያቸው ቀረሽ?" አለችኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከዚያ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

አስተማሪው ሰሌዳውን ያጠፋው ተጠሪው ከወጣ በኋላ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ። ደወል ሲደወል ወደ እኔ መጣ። "ትንተናሽ... ጥሩ ነበር" አለኝ፤ ዓይኔን አላየኝም። እኔም "አመሰግናለሁ ቲቸር" አልኩት። በሌላ አገር፣ በሌላ ሁኔታ፣ አንድ ካፌ ተቀምጠን ሻይ ልንጠጣ የምንችል እኩዮች ነን። እሱ ዕድሜዬን አወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

ቤት ስገባ ምስጋና ጠብቄ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ጠብቄ ነበር። ሽፈራው የሚሉትን የሃለኮ ቅጠል ቀቅዬ፣ ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ቁርቁፋ ሠርቼ አቀረብኩ። ወንድሜ ሳህኑን አልነካውም።

"ማን ተናገሪ አለሽ?" አለኝ።

"ሊወስዱህ ነበር እኮ።"

"ቢወስዱኝ ይሻለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት እስከዚህ ድረስ እየተከተሉ እህትህን ስንት ከብት ሰጥተው መለሷት ሲሉኝ ነው የመጣሁት።"

"እነሱንም እኮ ነው ያተረፍኳቸው!"

"እነሱ አልለመኑሽም። እኔም አልለመንኩሽም። የአባታችንን ቤት ገመና ቀበሌ ፊት ዘረገፍሽው። ነገ ደጋ ይሰማል።"

ተናድጄ ብዙ ነገር አልኩት። በእኔ እጅ እየበላህ ነው ያደግከው አልኩት፣ ውለታ ቢስ አልኩት፣ እንዲያውም ሂድና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው በላቸው አልኩት። ይህን የመጨረሻውን ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ግድግዳችን ጭቃ፣ ጎረቤታችን ቅርብ። ወንድሜ ደንግጦ አየኝ። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ማታ ወዲህ፣ ቀድሞ እትዬ ይለኝ የነበረው ልጅ ምንም ብሎ መጥራቱን ተወ። ትምህርት ቤት የሚሄደው ወይ ቀድሞኝ ወይ ዘግይቶ ሆነ፤ መንገድ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሳገኘው ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። እኔም ላለማየት ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብ እያደረግኩ ማለፍ ለመድኩ። የሰጠሁትን ነገር ቆጥሬ ልጠይቀው አልችልም፤ የሰጠሁት ውርደቴን ነበር፤ እሱም እንደ ራሱ ውርደት ተሸከመው።

በዚያ ዙር ምልመላ ከክፍላችን አንድም ወንድ አልተወሰደም። ስለዚህ ሠርቷል ማለት ነው፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር። ግን የሠራው ለጥቂት ወራት ነው። ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ የጭነት መኪኖች መጥተው ሜዳውን ከበቡት። በአፈሳ ዕድሜ አይጠየቅም። የቤት አከራያችን ወላይታ ሴትዮ ናቸው፤ በአማርኛቸው ወንዱም ሴት ነው፤ እያለከለኩ መጥተው "ወንድምሽ ሄደች! መኪና ወሰዳት!" አሉኝ። ያ ሁሉ የመስመርና የምልክት ነገር፣ ያ ሁሉ አሥራ ሰባት፣ በአንድ ከሰዓት ዋጋ አጣ።

አንባቢ እንዳይጨነቅ እዚህ ላይ ልናገር፤ ወንድሜ ተመልሷል። ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ከስቶ፣ አጥንት ብቻ ሆኖ በእግሩ መጣ። ዛሬ ልጆች አሉት፤ ሲያመኝ የሚጠይቀኝ እሱ ነው። ስለዚያ የሒሳብ ክፍለ ጊዜና አሁን ስለምነግራችሁ ጠዋት ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ሁለታችንም አፍረን ነው የኖርነው፤ ማን ከማን አብልጦ እንዳፈረ አላውቅም።

የታፈሱትን ልጆች አንድ የእህል መጋዘን ግቢ አስገብተው ነበር ያሳደሯቸው። እሑድ ጠዋት ምግብ ቋጥሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ አባት፣ ወንድም፣ እጮኛ፣ የሚያለቅስ፣ የሚሳደብ። መኪኖቹ እኩለ ቀን ሳይሆን ይነሣሉ ተባለ። ጠመንጃ የያዘው ጠባቂ አነጋገሩ የሰሜን ሰው ነው፤ ደክሞታል፤ "ከወላጅ እናት በቀር ማንም አይገባም! አባትም አይገባም! ወደ ኋላ!" ይላል። እናቴ ደጋ ነበረች፤ መልእክቱ እስኪደርሳት፣ እሷም እስክትወርድ፣ ልጇ ሻሸመኔን አልፏል። ወንድሜ ከእኔ በቀር የሚደርስለት አልነበረም። ከእኔ ጋር ደግሞ ከተነጋገርን ወራት አልፎናል።

እየተጋፋሁ በሩ ደረስኩ። በብረቱ ዘንግ መሀል ግቢው ውስጥ አየኋቸው፤ ክፍላችን ማለት ይቻላል፤ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ የኳስ ቁምጣቸውን እንደለበሱ። የጫኖው ልጅ አለ፤ ጢሙን የሚጠርግበት ምላጭ አጥቶ አገጩ ጠቁሯል። ወንድሜ አጠገቡ ነበር። አየኝ። ወደ ማዶ የሚሻገርበት መንገድ አልነበረም።

"አንቺስ?" አለኝ ጠባቂው። "ምኑ ነሽ?"

እህቱ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እህት እንደማትገባ እያወቅኩ፣ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ።

"እናቴ ናት!" አለ ወንድሜ ከውስጥ።

ድምፁ ግቢውን ሞላው። ጓደኞቹ ሁሉ ሰሙ። የሚስቅ ጠበቅኩ፤ አንድም የሳቀ የለም። የጫኖው ልጅ ከመሬት ተነሣና "አዎ፣ እናቱ ናት" አለ። ከኋላው ሌላው ደገመው፤ ከዚያ ሌላው። "እናቱ ናት፣ እናቱ ናት፣ አስገባት።"

ጠባቂው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ፊቴ ላይ ቆየ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲስቅ ፈለግኩ። "ይቺን ልጅ ነው እናት የምትሏት?" ብሎ እንዲቆጣ፣ ገፍቶ እንዲመልሰኝ፣ ወንድሜን ሳላየው መቅረት እንኳ ፈለግኩ። እንዲህ መመኘቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"ግቢ፣ እማማ" አለኝና ከበሩ ዞር አለልኝ።